ሲቪያችሁ ውስጥ እናንተ የላችሁም

ሰሞኑን አንድ ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ለመቅጠር ማስታወቂያ አውጥቼ ነበር። ቢሮዬ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። የሌሎች ድርጅቶችን ሒሳብ የምንሠራ ጥቂት ሰዎች ነን። በአራት ቀን ውስጥ ከ100 በላይ ሲቪ መጣ። ሁሉንም አነበብኩ።

አዘንኩ። አብዛኞቹ አንድ ሰው የጻፋቸው ይመስላሉ። «ትጉህ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እችላለሁ፣ የሥራ ጫና እቋቋማለሁ።» ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ አንድ ሲቪ አለ። ስምና ስልክ ይቀየርና ይታተማል። እኔም ተመርቄ ሥራ ስፈልግ እንደዚሁ አድርጌያለሁ። አራት ኪሎ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ፣ ጋዜጣ ተከራይቼ ማስታወቂያ እገለብጥ ነበር። ዛሬ ማስታወቂያው ቴሌግራም ላይ ነው። ሲቪው ግን ያው ነው።

ለቃለ መጠይቅ ከጠራኋቸው አንዷን ልንገራችሁ። «የሥራ ልምድ አለሽ?» አልኳት። «የለኝም» አለች፣ አንገቷን ደፍታ። «ታዲያ ከተመረቅሽ ወዲህ ምን ስትሠሪ ቆየሽ?» ስላት የሰፈራቸውን ዕድር መዝገብ እንደምትይዝ ነገረችኝ። ሁለት ዓመት ሆኗታል። ወርሃዊ መዋጮ፣ ቅጣት፣ ለሐዘንተኛ የተከፈለ፣ ሁሉንም ትመዘግባለች። አንድ ጊዜ መዝገቡና የባንክ ደብተሩ አልገጥም ብለው ወደ ኋላ ገጽ በገጽ ሄዳ፣ ሁለቴ የተጻፈ ክፍያ አግኝታለች።

«ይኼ ሲቪሽ ላይ ለምን የለም?»

«እሱማ ሥራ አይደለም ብዬ ነው።»

ሥራ ነው እንጂ! እኔ ጀማሪ ስቀጥር የምፈልገው እኮ ይህንኑ ነው። የሰው ገንዘብ በአደራ የያዘች፣ ያልገጠመ ሒሳብ እንቅልፍ የሚነሳት ልጅ። የእናቱን ሱቅ የዱቤ ደብተር የያዘም፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ንብረት የቆጠረም እንደዚያው። ምን እንደሠራችሁ፣ ለስንት ጊዜ፣ ምን እንዳስተካከላችሁ በሁለት መስመር ጻፉልኝ። «ትጉህ ነኝ» ከሚለው ይልቅ እሱን አምናለሁ።

«ፒችትሪ (የሒሳብ መሥሪያ የኮምፒውተር ፕሮግራም) እችላለሁ» የማይል የሒሳብ ምሩቅ ሲቪ አላየሁም። ምን ሠራችሁበት? በኢንተርንሺፕ ጊዜ የአንድ ወር ግዢ ብቻ መዝግባችሁ ከሆነ እሱኑ ጻፉ። ቃለ መጠይቅ ላይ ትንሽ የደመወዝ ሒሳብ እሰጣለሁ። ጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። «ፔሮል እሠራለሁ» ብለው የጻፉ ልጆች 18 በመቶውን በሙሉ ከሠራተኛው ላይ ሲቀንሱ አይቻለሁ። አለማወቅ አያስጥልም፤ እናስተምራለን። ያልሠሩትን ሠራሁ ማለት ግን ያስጥላል።

የዘመን አቆጣጠሩንም ለዩ። አንዱ ምረቃውን በፈረንጅ 2021፣ የሥራ መጀመሪያውን በእኛ 2016 ብሎ ጻፈ። ከመመረቁ አምስት ዓመት በፊት የተቀጠረ መስሎ ቀረበ። ደውዬ ጠየቅኩት። ሌላው አሠሪ ላይደውል ይችላል። የስማችሁ የእንግሊዝኛ አጻጻፍም ሲቪው ላይ፣ ዲግሪው ላይና ፋይዳው ላይ አንድ ቢሆን ብዙ ምልልስ ይቀርላችኋል።

ሥራ የለቀቃችሁ ደግሞ የልምድ ማስረጃችሁን ሳትቀበሉ አትቅሩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ብዙ ልጆች ተኮራርፈው ወጥተው ሳይጠይቁ ይቀራሉ። ከዚያ የሁለት ዓመት ልፋታቸው ወረቀት አልባ ይሆናል።

ለእኛ ለአሠሪዎችም አንድ ነገር አለኝ። ለጀማሪ ቦታ «2 ዓመት ልምድ» ብለን የምንጽፈው ለምንድን ነው? ያው አዋጅ እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ፈቅዶልናል። ሰው የሚታየው በዚያ ጊዜ ነው። በሩን አስቀድመን ስንዘጋው ልጆቹ የሌላቸውን ልምድ ለመጻፍ ይገደዳሉ። ከዚያ መልሰን «ዋሹን» እንላለን። ይህ ልክ አይደለም።

የዕድሯ ልጅ ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። ሲቪዋን እንደገና ጽፋ እንድታመጣ ነግሬያታለሁ። ፋይሏ ውስጥ እንዲቀመጥ የምፈልገው ዕድሩ ያለበት ነው።