እርማት፦ ባትሪው የሚወጣ ስልክ ውኃ አይቋቋምም?

«ባትሪው በእጅ የሚወጣ ስልክ ውኃ መቋቋም አይችልም» የሚለው ማብራሪያ እርማት ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ የቀረበው ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ5 የጀርባ ክዳኑ በጥፍር ተፈልቅቆ ባትሪው የሚለወጥ ሆኖ ሳለ፣ አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ መቆየት የሚያስችለው የአይፒ67 (IP67) የአቧራና የውኃ መከላከያ ደረጃ ነበረው። ይህን ያስቻለው በክዳኑ የውስጥ ገጽ ዙሪያውን የተዘረጋ ቀጭን የጎማ ማሸጊያ ነው። በእርግጥ ጉዳዩ ያለ ኪሳራ አይደለም፤ ክዳኑ በአንድ ጥግ እንኳ በደንብ ካልተጫነ ወይም ጎማው ላይ አሸዋ ካረፈ ውኃ ይገባል (ስልኩ ራሱ ክዳኑ መዘጋቱን እንድናረጋግጥ ያሳስበን ነበር)። ከዚህም ሌላ በእጅ የሚነካ ባትሪ ጠንካራ ልባስ ስለሚያስፈልገው፣ ለተጨማሪ ኃይል ሊውል የሚችለውን ቦታ ይሻማል።