«ሥራ ሳትይዢ ለምን መጣሽ?»

ትናንት አንድ የማላውቀው ሰውዬ ይህን ጠየቀኝ። ከዚያ ታክሲ ይዤ፣ ወርጄ፣ ብሎኬ በር እስክደርስ ድረስ ብቻዬን ሳወራ ነበር። ሰው እብድ ሳይለኝ እዚህ ላውጣው ብዬ ነው።

ቦታው አዲስ አበባ፣ መገናኛ፣ ከከተማው ዳር ወዳለው አራብሳ ኮንዶሚኒየም የሚሄደው ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ሰልፉ የት እንደሚያልቅ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እዚያ የቆመ ሰው ከፊቱና ከኋላው ካለው ጋር መተዋወቁ አይቀርም። «ከየት ነሽ?» አለኝ። ከደሴ። «ምን ትሠሪያለሽ?» ሥራ እየፈለግኩ ነው። «እንዴ! በዚህ ኑሮ? ሥራ ሳትይዢ ለምን መጣሽ?»

እሱ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። አክስቴ ብላኛለች። የአክስቴ ባል ብለውኛል። ደላላው እንኳን ብሎኛል፣ ኮሚሽኑን ቆጥሮ ኪሱ ከከተተ በኋላ!

እሺ፣ ልመልስላችሁ። ሥራ ይዤ ያልመጣሁት ሥራ ይዞ የሚመጣበት መንገድ ስለሌለ ነው።

አካውንቲንግ ተምሬያለሁ። መውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ከዚያ አንድ ዓመት ተኩል ደሴ ቁጭ ብዬ ስልኬን ሳሻሽ ነበር። ያልተቀላቀልኩት የሥራ ማስታወቂያ የቴሌግራም ቻናል የለም። ማስታወቂያዎቹን በቃሌ ልወጣላችሁ እችላለሁ። የሥራ መደብ፦ ጀማሪ አካውንታንት። ልምድ፦ 0 ዓመት። ፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌር) የምትችል። ደመወዝ፦ በስምምነት። የሥራ ቦታ፦ አዲስ አበባ። ምዝገባ፦ ዋናውንና ኮፒውን ይዞ በአካል በመቅረብ።

በአካል! ይቺ ቃል ናት እኔን አራብሳ ያመጣችኝ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ወረቀት ለማስገባት ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ልዋል፣ ላምበረት ልውረድ፣ የማድርበት ልፈልግ፣ ወረቀቷን ላስገባ፣ «እንደውልልሻለን» ልባል፣ ልመለስ። ይህን ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ። በሦስተኛው ደወሉልኝ! ማክሰኞ ማታ ነው። «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ለፈተና ቅረቢ» አለችኝ ልጅቷ። ደሴ ነኝ አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ፣ «እህ... እኛ እኮ እዚሁ ያለ ሰው ነው የምንፈልገው»።

እዚሁ ያለ ሰው ሆንኩላቸው።

መጀመሪያ ኮተቤ አክስቴ ጋ ነው ያረፍኩት። እንግዳ ለመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ ለሁለተኛው ብር፣ ለሦስተኛው ብረት ይባላል። እኔ ሦስት ሳምንት ቆየሁ፣ ምን እንደሆንኩ እናንተ ገምቱ። አክስቴን አልማትም። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አምስት ሰው ይኖራል። ባሏ ግን በየማታው ዜና ካለቀ በኋላ ወደ እኔ ዞር ይሉና «እሺ፣ ዛሬስ የት የት ሄድሽ?» ይላሉ። በቀን የሄድኩበትን በዝርዝር ሪፖርት አደርጋለሁ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ያ ጥያቄ ይከተላል። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ውሎዬን አስቀድሜ በወረቀት ስጽፍ ራሴን አገኘሁት። በዚያው ሳምንት ደባል ፈልጌ ወጣሁ።

አራብሳ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ስቱዲዮ፣ ለሦስት ሴት 9,000 ብር። ድርሻዬ 3,000። «ርካሽ ነው» ይላል ሰው ሁሉ። ስለ ርካሽነቱ ኋላ እመለስበታለሁ።

አከራያችን የሦስት ወር ቅድሚያ አሉ። እኔ ደግሞ የተማርኩ ነኝ ብዬ አዋጁን አንብቤ ነው የሄድኩት። አዋጅ ቁጥር 1320/2016፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም ይላል። ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም ይላል። ውሉ ይመዘገባል፣ ክፍያው በባንክ ወይም በስልክ ይሆናል ይላል። ይህን ሁሉ በጨዋ ደንብ፣ «ጋሼ» እያልኩ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝ። ስጨርስ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ልጄ፣ አዋጁ የሚያከራየው ቤት ካለው እዚያ ግቢ።»

የሦስት ወር ከፈልን። በጥሬ ገንዘብ። ያለ ውል። የእኔ 9,000 ብር የእናቴ እቁብ ነው። እሷ የቤቱን ጣሪያ ልታስቀይርበት ነበር።

ውል አለመኖሩ ያኔ ብዙም አላሳሰበኝም። በኋላ ነው የገባኝ። ሥራ ስትጠይቁ የአዲስ አበባ መታወቂያ አምጡ ትባላላችሁ። ለመታወቂያው ከደሴ ቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋል፤ እሱን እናቴ ተሯሩጣ አስጨረሰችልኝ። ወረዳ ሄድኩ። የምትኖሪበትን ቤት ውል አምጪ፣ ወይም ባለቤቱ ይምጡና ያስመዝግቡሽ ተባልኩ። ጋሼን ጠየቅኳቸው። «ወረዳ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። ውል ማለት ምዝገባ ነው፣ ምዝገባ ማለት ግብር ነው። «ሌላ ተከራይ እኮ በር ላይ ነው» አሉኝ፣ በጣም በቀስታ፣ እንደሚመክር ሰው።

ዋስ የሚባለውንም እንዳትረሱት። ካሸር ለመሆን ሁለት ዋስ፣ ቋሚ ደመወዝ ያላቸው፣ የአዲስ አበባ ነዋሪ። እኔ አዲስ አበባ ለዋስ የሚሆን የማውቀው ሰው የአክስቴ ባል ብቻ ናቸው። እርሳቸው ደግሞ ለወንድማቸው ልጅ ዋስ ሆነው ጨርሰዋል። መገናኛ ሰልፍ ላይ የተዋወቅኩትን ሰውዬ «ዋስ ይሆኑኛል?» ልበለው እንዴ?

አሁን ወደ ርካሹ ቤት ልመለስ። ደብተር አለኝ። የተማርኩት ሙያ እስካሁን የጠቀመኝ ለዚህች ደብተር ነው። በየቀኑ ያወጣሁትን እጽፍበታለሁ።

ከአራብሳ መገናኛ፣ ከመገናኛ ወደሚፈለገው ቦታ፣ ከዚያ መልስ፣ በቀን 140 ብር። ይህ አንድ ቦታ ብቻ ከሄድኩ ነው። ሦስት መሥሪያ ቤት ለማዳረስ ካሰብኩ ወይ ብር ይጨምራል፣ ወይ ጫማዬ ያልቃል። የከተማው ባቡር አያት ላይ ይቆማል፤ እኛ ጋ አይደርስም። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ቀጠሮ ያለው የአራብሳ ሰው 11 ሰዓት ሌሊት ይነሳል። ዘግይቼ ስደርስ ምክንያት አልሰጥም፤ «አራብሳ ነው የምኖረው» ካልኩ ገና ሳይቀጥሩኝ ስለ ማርፈዴ ያስባሉ። አንድ ጊዜ ቃለ መጠይቅ ላይ ሰፈሬን ስጠየቅ «ሰሚት አካባቢ» ብዬ ዋሽቻለሁ። ውሸቴን ነው? ብታስቡት እኮ ያን ያህል ሩቅ አይደለም።

ኮፒ አለ። ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ ፋይዳ። ለአንድ ማመልከቻ ቢያንስ አምስት ስድስት ገጽ። ለምን ተወደደ ብዬ ኮፒ ቤት ያለችውን ልጅ ብጠይቃት «ወረቀቱ እኮ በዶላር ነው የሚገባው» አለችኝ። ልክ ናት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ጀምሮ ዘይት ብትጠይቁ ዶላር ነው፣ ሳሙና ብትጠይቁ ዶላር ነው። እኔ በሕይወቴ ዶላር በእጄ ይዤ አላውቅም፤ ስከፍልበት ግን እውላለሁ።

ምግቡን ልተወው። ከቤት የተላከ በሶና ሽሮ ባይኖር ኖሮ ይህን የምትጽፍላችሁ ልጅ ባልኖረች። አንድ ብቻ ልበል፦ እዚህ እንጀራ እየቆጠሩ ሲገዙ ሳይ መጀመሪያ ሰሞን ያሳፍረኝ ነበር። አሁን ሁለት ገዝቼ አንዷን ለነገ የማስቀምጠው እኔ ነኝ።

አንድ ሥራ ግን አገኘሁ! አትደሰቱ። መርካቶ ውስጥ ሱቅ ነው፣ ካሸር፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ 6,000 ብር። ዋሱን ከደመወዝሽ በየወሩ በሚቆረጥ መያዣ እንተካዋለን አሉ፣ ተመስገን። ማታ ደብተሬን አወጣሁ። 6,000። የጡረታ 7 በመቶ ሲቀነስ 5,580። የ26 ቀን ታክሲ 3,640። ቀሪ 1,940። የቤት ኪራይ ድርሻዬ 3,000። ግብሩን ሳልነካ፣ መያዣውን ሳልነካ፣ ገና አንድ እንጀራ ሳልበላ፣ በወር 1,060 ብር ባለ ዕዳ ነኝ። ሦስት ጊዜ ደምሬ ቀነስኩት። ልክ ነው። ከደባሎቼ አንዷ «እየሠራሽ ከምትከስሪ ተኝተሽ ክሰሪ» አለችኝ። ስቀን ስቀን አለቀሰች። የእሷ ደብተር ከእኔ ይብሳል።

ሱቁን እንኳ ያን ያህል አልወቅስም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል፣ ዝቅተኛ ደመወዝን ያያል ይላል። ለግል ድርጅት ግን ከዚህ በታች አትክፈል የሚል ወለል የለም። ወለሉ የእኛ መቸገር ነው። እኔ ትቼው ስወጣ በሩ ላይ ሌላ ልጅ ፋይሏን አቅፋ ቆማ ነበር።

ስለ «ሥራ አገናኝ» ብዙ አላወራም፣ ደሜ ይፈላል። 500 ብር የምዝገባ ከፈልኩ። ሥራ ፈላጊን ማስከፈል እንደማይፈቀድ ያወቅኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው። ላኩኝ፤ የላኩኝ ቦታ «ማነው የላከሽ?» አለኝ። በቃ።

እና አሁን «ወደ ደሴ ለምን አትመለሺም?» የሚል ይመጣል። አውቃለሁ። እሱንም አስቤዋለሁ። በተለይ ውሃ በምጠብቅበት ሌሊት። እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው፤ በተራችን ቀን እንኳ አራተኛ ፎቅ የሚወጣው ሰው ሁሉ ሲተኛ ነው። አሁን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፣ ቧንቧውን ከፍቼ፣ ጀሪካን ደርድሬ፣ ፉ... ፉ... የሚለውን ድምፅ እየሰማሁ ነው የምጽፈው። በእንዲህ ያለ ሰዓት ጦሳ ተራራ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ግን ብመለስ ምን እሆናለሁ? ተመልሼ ደግሞ ያንኑ ማስታወቂያ ላነብ ነው። የሥራ ቦታ፦ አዲስ አበባ። በአካል በመቅረብ።

እናቴ ስደውልላት አንድ ቀን እንኳ ለምን ሄድሽ አላለችኝም። «አብሽሪ» ትላለች። ስለ ጣሪያው ስጠይቃት ወሬ ትቀይራለች። ክረምት እየመጣ ነው።

ወደ ማስታወቂያ አውጪዎች አንድ ነገር ልበል። ወረቀቱን በኢሜይል ብትቀበሉ ምን ትሆናላችሁ? የመጀመሪያውን ቃለ መጠይቅ በስልክ ብታደርጉት? ለፈተና ስትጠሩ ሦስት ቀን ብትሰጡ? ደመወዙን ብትጽፉት ደግሞ፣ በደብተሬ ደምሬ ቀንሼ የማያዋጣኝን ሳልመጣ ልተወው። «በስምምነት» ትላላችሁ፤ እስካሁን አንድም ቦታ ማንም ምንም አላስማማኝም። 6,000 ተባልኩ፣ ዝም አልኩ። ስምምነቱ ይኸው ነው።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ የአጎቴ ልጅ ከደሴ መልእክት ላከችልኝ። እሷም አልተኛችም። ዘንድሮ ነው የተመረቀችው። «እህቴ፣ እዚህ ምንም የለም። ሐምሌ ላይ ልምጣ? ካንቺ ጋ ደባል እሆናለሁ» ትላለች።

ጣቴ ራሱ መጻፍ ጀመረ። «ሥራ ሳትይዢ ለም» ድረስ ደርሼ ነበር። አጠፋሁት። ሌላ የምጽፈው ግን አልመጣልኝም። እሷ እዚያ ስልኳን ይዛ «እየጻፈች ነው» የሚለውን እያየች ነው።