ቀለም ብቻ

ዛሬ ጠዋት ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስወርድ የኋላ ፍሬኑ መርገጫ ተነቅሎ እግሬ ሥር ተንጠለጠለ። አዲስ ሞተር ሳይክል! ከተገዛ ገና 4 ወሩ! እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ፤ በፊት ፍሬን ብቻ እንዴት ይወረዳል? ወርጄ ብየዳውን አየሁት። ከላይ የሚያብረቀርቅ ቀለም፣ ከሥሩ ሁለት ጠብታ ብየዳ፣ መካከሉ ባዶ። በጣቴ ስነካው እንደ ቆሎ ረገፈ።

ማርሚታው በመጀመሪያው ክረምት ዝጓል። ካቴናው በየሳምንቱ ይረግባል። የሁለት ምርት ዘመን የጤፍ ገንዘቤን የከፈልሁት ለቀለም ነው?

«ያገለገለ ግዛ» ይሉኛል። ወንድሜ ገዝቶ የለም እንዴ? ቆጣሪው ወደ ኋላ የተመለሰ፣ ሻንሲው ተሰብሮ የተበየደ፣ እሱም በቀለም የተሸፈነ! ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ሳይደርስ ዘይቱን አፈሰሰ።

ታዲያ የትኛውን አምነን ልጃችንን ከኋላ እናፈናጥጥ?