አክተሩ ሲሄድ ማን ይቀራል?

የታላቅ እህቴ ልጅ እዚሁ አሜሪካ የተወለደ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። አማርኛ ጥሩ አድርጎ ይሰማል፤ ሲናገር ግን ቃል እየፈለገ ነው። ባለፈው አብረን ፊልም እያየን እኔ እንደ ልማዴ «ቆይ፣ አሁን አክተሩ ይመጣል» አልኩት። ዞር ብሎ አየኝ።

«አጎቴ፣ አክተሩ የቱ ነው? ሁሉም አክተር አይደሉም እንዴ?»

ቶሎ መልስ አልመጣልኝም። ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ላደግን ልጆች «አክተሩ» አንድ ሰው ነው። ዋናው። ቢደበደብም የሚነሳው፣ ጥይት የሚስተው፣ መጨረሻ ላይ የማይሞተው። ሌሎቹ አክተር አይባሉም። ፊልሙም የሚጠራው በእሱ ስም ነበር፦ የጃኪ ቻን ፊልም፣ የአርኖልድ ፊልም፣ የቫንዳም ፊልም። በታሪኩ ውስጥ ስሙ ማን እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም። አርኖልድ አርኖልድ ነው፤ አለቀ።

የልጁ ጥያቄ ብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እዚህ አገር ስኖር ሳየው የቆየሁትን፣ ግን በቃል ያላስቀመጥኩትን ነገር አወጣልኝ። እኛ የምንወደው ተዋናዩን ነው። እነሱ የሚወዱት ገጸ ባህሪውን ነው። በተለይ ከኮሚክ፣ ማለትም ታሪኩ በሥዕል ከሚነገርበት መጽሔት፣ የመጡትን ጀግኖች።

ልጁ ረቡዕ ረቡዕ ኮሚክ መሸጫ ይሄዳል። አዲስ እትም የሚወጣው ረቡዕ ነው። ገና መኪና ስለማይነዳ ብዙ ጊዜ የምወስደው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን መኪና ውስጥ ሆኜ እጠብቀው ነበር። አንድ ቀን ብርዱ ሲበረታ ገባሁ። ባለ ሱቁ አንድ የቆየ እትም ከሳጥን እያወጣ ነው። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ፕላስቲኩ የታሸገበትን ቴፕ በጥፍሩ ጫፍ ቀስ ብሎ ላጠ። መጽሔቱ እንዳይታጠፍ ከጀርባው ካርቶን ገብቶለታል። ከዚያ በሁለት መዳፉ ላይ አስተኝቶ ለገዢው አሳየው። ገዢው አልነካውም። ጎንበስ ብሎ አየው። እኔ እንዲህ ሲታይ የማውቀው አራስ ልጅ ነው።

አጠገባቸው ክርክር ተይዟል። ባትማንን ማን ይሥራው የሚል ነው። ስድሳ ዓመት የሚሆነው አንድ ሰውዬ አለ፣ ከሥራ የወጣች የሆስፒታል ልብስ የለበሰች ሴት አለች፣ የኛም ልጅ አለ። ሰውዬው ስለ አንድ ተዋናይ «አገጩ አይሆንም» ይላል። ቀልድ መስሎኝ ነበር። አይደለም። የባትማን ጭምብል ፊቱን ይሸፍናል፤ ለተመልካች የሚቀረው አፍና አገጭ ነው። ተዋናዩ ቁጣውንም ሐዘኑንም በዚያች ቦታ ነው የሚያሳየው። ልጁ ደግሞ «አገጭ ሳይሆን ድምፅ ነው ዋናው» እያለ ይሟገታል። የስድሳ ዓመት ሰውና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እኩል ይከራከራሉ። «አንተ ልጅ ዝም በል» ያለው የለም። ይሄ ራሱ ገረመኝ፤ ደስም አለኝ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሱፐርማን የወጣው በ1938 ነው፤ ባትማን በ1939፣ ስፓይደርማን በ1962 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ሰውዬው በልጅነቱ ያነበበውን ጀግና ዛሬ የኛ ልጅ ያነበዋል። ጀግናው ከተዋናዩም ከተመልካቹም በፊት ነበረ። ተዋናዩ ተረኛ ነው። ተራው ደርሶት ልብሱን ይለብሳል፣ ከዚያ ለሌላ ያስረክባል። ስለዚህ ሰዎቹ የሚጠይቁት «ይሄ ሰው ጎበዝ ነው ወይ?» ብለው አይደለም። «አደራውን ይችለዋል ወይ?» ብለው ነው።

በዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተሳስተዋል። በ1988 ባትማንን ማይክል ኪተን ይሠራዋል ሲባል አድናቂዎች ተነሱ። ኪተን የሚታወቀው በኮሜዲ ነበርና። ወደ 50 ሺህ የሚጠጋ የተቃውሞ ደብዳቤ ለፊልም ኩባንያው ለዋርነር ብራዘርስ እንደተላከ ይነገራል። ኢሜይል ባልተለመደበት ዘመን፣ ቴምብር እየተለጠፈ ማለት ነው። ፊልሙ በ1989 ወጣ፣ ሕዝብ ወደደው። ያ ሰው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2023 ያንኑ ልብስ ለብሶ ብቅ ሲል የተቀበሉት በጩኸት ነው።

ሂዝ ሌጀርንም እንደዚሁ። በ2006 የባትማንን ጠላት ጆከርን እንዲሠራ ሲመረጥ «የፍቅር ፊልም ልጅ» ብለው አጣጣሉት። ሥራውን ሲያዩ ግን እሱ አልነበረም። ፊልሙ ከመውጣቱ ከወራት በፊት፣ ጥር 2008 ላይ፣ በ28 ዓመቱ ሞተ። በቀጣዩ ዓመት ኦስካሩን ቤተሰቦቹ ተቀበሉለት። ዛሬ በዚያ ሱቅ ስለ ጆከር ሲወራ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ዎልቨሪን የሚባለው የኮሚክ ጀግናም አለ። ወረቀቱ ላይ አንድ ሜትር ከስልሳ የሆነ አጭር፣ ቁጡ ሰው ነው። ፊልሙ ላይ የሠራው ሂው ጃክማን ግን መለሎ ነው። ያውም ሚናው መጀመሪያ ለሌላ ተሰጥቶ ሰውየው ሌላ ቀረጻ ስለዘገየበት ነው ለእሱ የደረሰው። ከ2000 ጀምሮ እስከ 2024 ድረስ ሠራው። አሁን ስለ ቁመቱ የሚያነሳ የለም።

እንዲህ መሳሳት አይከፋኝም። ከፍቅር የመጣ ነው። የሚከፋኝ ሌላው ነው፤ የቆዳ ቀለም ጉዳይ።

ኢድሪስ ኤልባ በ2011 ቶር ፊልም ላይ ሄይምዳል የሚባለውን የአማልክት ዘበኛ ሲሠራ «ጥቁር እንዴት?» ተብሎ ፊልሙ እንዳይታይ ቅስቀሳ ተደርጓል። ማይክል ቢ. ጆርዳን በ2015 ፋንታስቲክ ፎር ላይ ጆኒ ስቶርምን ሲሠራም ውርጅብኝ ወረደበት። ጆኒ ስቶርም ሰውነቱ በእሳት ተያይዞ ወደ ሰማይ የሚበር ሰው ነው። መብረሩን ያምናሉ። ጥቁር መሆኑን ግን አናምንም አሉ። «ለወረቀቱ ታማኝ እንሁን» የሚለው ክርክር አንዳንዴ እውነተኛ ክርክር ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሌላ ነገር ከሥሩ የተደበቀበት ሽፋን ነው። ጥቁር ልጅ እያሳደገ ለሚኖር ቤተሰብ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማዋል። ልጁ እነዚያን ክርክሮች ሲሰማ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን አይቻለሁ።

ኒክ ፊውሪም አለላችሁ። ከ1963 ጀምሮ ነጭ ሆኖ የተሳለ የጦር ሰው ነበር። በ2002 አንድ አዲስ ኮሚክ ላይ ሠዓሊው በሳሙኤል ኤል. ጃክሰን መልክ ሳለው። ከስድስት ዓመት በኋላ ራሱ ጃክሰን ፊልሙ ላይ ሆነው። ያን ያህል አልተንጫጩም። መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ አዩት፣ ዓይናቸው ለመደው። እኔ ከዚህ የተረዳሁት መጀመሪያ መሳልና መጻፍ ያለውን ጉልበት ነው።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ግን የአፍሪካዊው ጀግና የብላክ ፓንተር ጉዳይ ነው። ፊልሙ በ2018 ሲወጣ አዳራሹ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሐበሾች ነበሩ። አንድ ሽማግሌ ከንፈሩ ላይ ሸክላ አድርጎ፣ አረንጓዴ ሱፍ ለብሶ ብቅ ሲል «የኛ እኮ ነው!» የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ። የልብስ ንድፍ ባለሙያዋ ሩት ካርተር ከብዙ የአፍሪካ ሕዝቦች ነው የቀዳችው፤ ያ ሸክላ ከሙርሲና ከሱርማ ነው። በሥራዋም ኦስካር አግኝታለች።

ነሐሴ 2020 ላይ ብላክ ፓንተርን የሠራው ቻድዊክ ቦስማን ሞተ። ለአራት ዓመት የአንጀት ካንሰር እየታከመ፣ ለሕዝብ ሳይናገር ነበር የሠራው። ስቱዲዮው ቲቻላን (የብላክ ፓንተር ስሙ ነው) ለሌላ ተዋናይ አልሰጥም አለ። በ2022 የወጣው ሁለተኛው ፊልም የሚጀምረው በቲቻላ ሞት ነው። አድናቂዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። እኔ «ትክክል ነው፣ ማን ይተካዋል?» አልኩ። ልጁ አልተስማማም።

«አጎቴ፣ ቲቻላ የተወለደው በ1966 ነው። ቦስማን ደግሞ በ1976። እንዴት አብሮት ይቀበራል? ባትማን ስድስት ሰባት ሰው ሲሠራው ማንም አልቀበረውም። የኛን ለምን ይቀብሩታል?»

«የኛን» ሲል ዝም አልኩ። እስካሁንም ሙሉ በሙሉ አላሳመነኝም። ቦስማንን በዚያ መልኩ ማክበራቸው አሁንም ልክ ይመስለኛል። ግን እንዲያ የማስበው ከየት እንዳመጣሁት ገባኝ። ከአገር ቤት ነው።

እኛ ጋ ተዋናዩ ከሄደ ገጸ ባህሪው አብሮ ይሄዳል። ተዋናዩ ውጭ አገር ይቀራል፤ በቀጣዩ ሳምንት ገጸ ባህሪውም «ውጭ ሄዷል» ይባላል። ወይ መኪና ይገጨዋል። ስንቱን በመኪና አደጋ ቀብረናል። ሰው ለሰው ላይ አበበ ባልቻ አስናቀን ሲሠራ ሕዝቡ ሰውየውን «አስናቀ» ብሎ ነበር የሚጠራው። አስናቀን ሌላ ሰው ይሥራው ብሎ የሚያስብ ነበር? እኔ አልነበርኩም። ይህ ለተዋናዩ ትልቅ ክብር ነው። ለደራሲው ግን ስስት ነው። እንደ አስናቀ ያለ ሰው በወረቀት ላይ የፈጠረ ደራሲ፣ ፍጥረቱ ከአንድ ሰው ትከሻ ላይ ወርዶ ለሌላ ትውልድ ቢተላለፍለት ደስ ይለኝ ነበር።

የሚቋረጡ ድራማዎችም ላይ ልዩነታችን ሰፊ ነው። ዴርዴቪል የሚባለው የዓይነ ስውሩ ጠበቃ ታሪክ ኔትፍሊክስ ላይ ከ2015 ጀምሮ ሦስት ሲዝን ታየ። ሦስተኛው በወጣ በወሩ ገደማ፣ ኅዳር 2018 ላይ ተሰረዘ። አድናቂዎቹ ዝም አላሉም። ፊርማ አሰባሰቡ፣ ጻፉ፣ ቀን ቆጠሩ። ዓመታት አለፉ። በ2021 መጨረሻ ጠበቃውን የሚሠራው ቻርሊ ኮክስ የስፓይደርማን ፊልም ላይ ለጥቂት ደቂቃ ብቅ አለ። እኔና ልጁ አዳራሹ ውስጥ ነበርን። መጀመሪያ ነጭ ዱላው ታየ። ልጁ ክንዴን ያዘኝ። ከዚያ የሰው ጩኸት ንግግሩን ዋጠው። መጋቢት 2025 ላይ ታሪኩ በአዲስ ስያሜ ቀጠለ።

ሁሉም አይሳካም። ባትገርል የሚባለው ፊልም በ2022 ወደ 90 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት፣ ተቀርጾ አልቆ፣ ለአርትዖት ገብቶ ሳለ እንዳይወጣ ተወሰነ። ከግብር ጋር የተያያዘ ሒሳብ ነው ተባለ። ፊልሙን እስከ ዛሬ ሕዝብ አላየውም። ልጁ ያን ቀን እራት አልበላም። ደራሲው፣ ተዋናይዋ፣ መብራት የያዘው ሰው፣ ልብስ የሰፋችው ሴት፣ ያ ሁሉ ልፋት መሳቢያ ውስጥ ሲቆለፍ እኔም አንገበገበኝ። ብር ያወጣው ባለቤት ነው፤ ሕጉ ከእሱ ጋር ነው። ግን ሰዎቹ ቢያንስ «ለምን?» ብለው በአደባባይ ጠይቀዋል፤ ባለቤቱም መልስ ለመስጠት ተገዷል።

አገር ቤት ስላለችው ታናሽ እህቴ አሰብኩ። ስደውልላት ሁልጊዜ አንድ ድራማ ታወራልኝ ነበር። በእሷ ወሬ ብቻ ሰዎቹን ሁሉ አውቄያቸው ነበር። ከዚያ ስሙን ማንሳት ተወች። ባለፈው እሑድ ትዝ አለኝና ጠየቅኳት።

«ያ ድራማ ምን ላይ ደረሰ?»

«ቆመ እኮ፣ ጋሼ። ሁለት ዓመት ሆነው።»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ስፖንሰር አጣ አሉ። ቆመ፣ በቃ።»

ማን እንደነገራት ጠየቅኳት። ማንም። አንድ ሳምንት ሰዓቱን ጠብቃ ከፈተችው፣ ሌላ ፕሮግራም ነበር። በሚቀጥለውም ሌላ ነበር። ከዚያ ተወችው። ብዙዎቹ ድራማዎቻችን በስፖንሰር የሚኖሩ ናቸው፤ ብሩ ሲቆም ቀረጻው ይቆማል። ይገባኛል። አዘጋጆቹም በዕዳ ተይዘው ይሆናል። ግን ስንት ወር ሙሉ ቤቷ ያስገባቻቸው ሰዎች ናቸው። «ይቅርታ፣ እስከዚህ ነው የቻልነው» የሚል አንዲት ቃል ያንሳታል? እሷስ ብትሆን መጠየቅ እንደምትችል የነገራት አለ?

«እሺ፣ አንቺ ብትጽፊው እንዴት ትጨርሺው ነበር?» አልኳት።

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«እናትየው ታውቃለች» አለች።

«ምኑን?»

«ልጁ የእሷ እንዳልሆነ። ከመጀመሪያው ታውቃለች። ፎቶውን ከግድግዳ ስታወርድ እጇ ተንቀጥቅጧል እኮ። ያኔ ማንም ልብ አላለም።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ይዛው ኖራለች። ከዚያ ማን ማንን እንደሚያገባ፣ ቤቱ ለማን እንደሚሆን፣ አባትየው ከእስር ሲወጣ በር ላይ ማን እንደሚቆም አንድ በአንድ ነገረችኝ። ሰዓቴን ሳይ ከአንድ ሰዓት በላይ አውርተናል። ሥራ መግቢያዬ ደርሶ ልሰናበታት ስል አቋረጠችኝ።

«ቆይ እንጂ ጋሼ፣ ሠራተኛዋን ልጅ እኮ ረሳናት።»