ፈረስ ያደርሳል እንጂ ቴኒስ አይጫወትም

ሰሞኑን በአንድ የኤፍ ኤም የስፖርት ዝግጅት ላይ «በዕድል ዋንጫ ያነሡ» ተብለው ከተቆጠሩት መካከል የቴኒስ ተጫዋቿ ኢቫ ማዮሊ ሦስተኛዋ ነበረች። ማስረጃው ባንድ ትንፋሽ አለቀ፤ በፍጻሜው የተሸነፈችላት ማርቲና ሂንጊስ ከፈረስ ወድቃ ጉልበቷን ባትጎዳ ኖሮ ክሮኤሺያዊቷን ማን ያውቃት ነበር? ተሳቀ፤ ማስታወቂያ ገባ።

አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። በዚህ ዝግጅት ላይ ግን ፈረሱ ተዋጋም፣ አሸነፈም፣ እ.ኤ.አ. የ1997ን የሮላን ጋሮስ (በፓሪስ በሸክላ ሜዳ የሚደረገው የፈረንሳይ ኦፕን) ዋንጫም ወሰደ። እዚህ የምጠቅሰው ቀንና ዓመት ሁሉ በዚሁ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

እስኪ ከፈረሱ እንጀምር። ሂንጊስ በዚያ ዓመት ሚያዝያ ወር መውደቋ፣ የግራ ጉልበቷ ቀዶ ሕክምና መደረጉ፣ በሸክላ ሜዳ ሳትዘጋጅ ፓሪስ መግባቷ እውነት ነው። ታሪኩን እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው ግን ወይ ውጤቱን አላየም ወይ አይቶ ደብቆታል። ይህቺ «ሽባ» ልጅ በሩብ ፍጻሜው አራንቻ ሳንቼዝ ቪካሪዮን 6 ለ 2፣ 6 ለ 2 ሸኘቻት። በግማሽ ፍጻሜው ሞኒካ ሴሌሽን የመጀመሪያውን ዙር ከተነጠቀች በኋላ 6 ለ 7፣ 7 ለ 5፣ 6 ለ 4 ገለበጠቻት። ሁለቱ ተሸናፊዎች በዚያን ጊዜ በመካከላቸው አምስት የፓሪስ ዋንጫ ነበራቸው። እና ያ ጉልበት ለሴሌሽ ሲሆን ጤነኛ፣ ለማዮሊ ሲሆን በሽተኛ የሚሆነው በምን ሕክምና ነው?

ይህ ካልበቃ፣ የፓሪሱ ፍጻሜ ሰኔ 7 ነበር። ሐምሌ 5 ማለትም ልክ በ28ኛው ቀን ሂንጊስ ያና ኖቮትናን አሸንፋ የዊምብልደንን ዋንጫ አነሣች። ሳር ላይ ኳስ ዝቅ ብላ ስለምትነሣ በየምቱ ጉልበት ማጠፍ ግድ ነው። ሳር ላይ አጥፋ ዘርግታ ሻምፒዮን የሆነችበት ጉልበት ነው እንግዲህ ለፓሪሱ ሽንፈት ጥፋተኛ የተባለው። መስከረም ላይ ደግሞ ዩኤስ ኦፕንን ጨመረች፤ የአውስትራሊያውን ጥር ላይ ይዛዋለች። በዚያ ዓመት ከአራቱ ታላላቅ ዋንጫዎች ያመለጣት አንድ ብቻ ነው፤ ያን ያስመለጣት ደግሞ ማዮሊ ናት። ያውም 37 ተከታታይ ጨዋታ ሳትሸነፍ የመጣችውን ሂንጊስ 6 ለ 4፣ 6 ለ 2።

እውነቱን ለመናገር የችግሩ ሥር ሂንጊስ አይደለችም፤ እግር ኳስ ነው። የስፖርት ወሬያችን ሁሉ ከኳስ ሜዳ ስለተቀዳ ማንኛውንም ውድድር በዘጠና ደቂቃ መነጽር እናያለን። እግር ኳስ ላይ በ12ኛው ደቂቃ ተከላካይ ጨርፏት የገባች ኳስ ዋንጫ ታሸልማለች፤ የቀረውን 78 ደቂቃ በር ዘግቶ ሰዓት መግደል ይቻላል። ቴኒስ ላይ የሚገደል ሰዓት የለም። 6 ለ 4፣ 5 ለ 2 እየመራህም የመጨረሻዋን ነጥብ ራስህ መውሰድ አለብህ፤ የሚነፋልህ ፊሽካ የለም። መረቡን ጨርፋ ወደ ተቃራኒ ሜዳ የምትወድቅ ኳስ አለች፣ አዎ። የምትሰጠው ግን አንድ ነጥብ ነው፤ አንድ ጌም ለመውሰድ ቢያንስ አራት ነጥብ ያስፈልጋል፣ አንድ ዙር ለመውሰድ ቢያንስ ስድስት ጌም፣ ጨዋታውን ለማሸነፍ ሁለት ዙር። በትንሹ 48 ነጥብ ማለት ነው። ዋንጫው ደግሞ ሰባት ጨዋታ ነው።

የማዮሊን የመጨረሻ አራት ጨዋታዎች ደምሩ። ሊንዚ ዴቨንፖርት፦ 5 ለ 7፣ 6 ለ 4፣ 6 ለ 2። ሩክሳንድራ ድራጎሚር፦ 6 ለ 3፣ 5 ለ 7፣ 6 ለ 2። አማንዳ ኩትዘር፦ 6 ለ 3፣ 4 ለ 6፣ 7 ለ 5። ከዚያ ሂንጊስ። ማዮሊ 63 ጌም ወሰደች፣ 45 ሰጠች። ስድሳ ሦስቱ ጌም ቢያንስ 252 ነጥብ ነው። ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት ጊዜ መረብ የሚጨርፍላት ሰው ካለ ዕድለኛ አትበሉት፤ ታቦት አስወጡለት። ደግሞስ በዕድል የመጣ ሰው በተከታታይ ሦስት ጨዋታ እስከ ሦስተኛ ዙር ይጎተታል? ኩትዘር እኮ በሩብ ፍጻሜው ስቴፊ ግራፍን 6 ለ 1፣ 6 ለ 4 አሰናብታ የመጣች ናት። ድልድሉም ቢሆን ቀላል አልነበረም። በዚያን ጊዜ በደረጃ ተለይተው በድልድሉ የሚበታተኑት 16 ተጫዋቾች ነበሩ። ማዮሊ 9ኛ ሆና ስለገባች ሩብ ፍጻሜ ሳትደርስ 5ኛዋ ዴቨንፖርት በሯ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

ሜዳውም ራሱ ለዕድለኛ የተሠራ አይደለም። የሮላን ጋሮስ ቀይ ወለል ላዩ ላይ የሚታየው የጡብ ዱቄት ውፍረቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከሥሩ ስድስትና ሰባት ሴንቲ ሜትር የተፈጨ ነጭ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ የከሰል ጥቀርሻ፣ ከዚያ ጠጠር አለ። ውኃ የሚጠጣውና እርጥበቱን የሚይዘው ነጩ ድንጋይ ነው። ዱቄቱ ኳሷን ስለሚይዛት ፍጥነቷ ይቀንሳል፣ ከፍ ብላም ትነሣለች፤ ተጋጣሚ ደግሞ ተንሸራትቶ የሚደርስበት ጊዜ ያገኛል። ሌላ ሜዳ ላይ ባንድ ምት ያለቀ ነጥብ እዚህ ተመልሶ ይመጣል። አንዱን ነጥብ ሁለቴና ሦስቴ ማሸነፍ አለብህ። አንዳንዴ የተሳካ ምት የሚያወጣ ተጫዋች ሳር ላይ ሁለት ሳምንት ሊኖር ይችላል፤ ሸክላ ላይ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት አያልፍም።

ማዮሊ በዚህ ሜዳ ላይ የመረጠችው መንገድ ደግሞ ከባዱን ነው። በሁለት እጇ የምትመታው ባክሃንድ (ከግራ ጎኗ በኩል የሚወጣው ምት) ብዙ ሽክርክሪት የሌለው፣ መረቡን በትንሽ ርቀት የሚያልፍ፣ ኳሷ ገና ስትነሣ የሚቀድም ነው። የሸክላ ባህል ሌላ ነው፤ ወደ ኋላ ትሸሻለህ፣ ኳሷ እስክትወርድ ትጠብቃለህ፣ በሽክርክሪት ከፍ አድርገህ ትመልሳለህ። ቀድሞ መምታት ሸክላ ላይ አደገኛ የሚሆነው ዱቄቱ ስለሚጠራቀምና መስመሩም ስለሚያንሸራትት ነው፤ ኳሷ ያልታሰበ ቦታ ትዘላለች፤ እግሩ በትንንሽ እርምጃ ያልተስተካከለ ተጫዋች በራኬቱ ጠርዝ ይመታትና ከሜዳ ያስወጣታል። ሲሳካ ግን ተጋጣሚ ማሰቢያ ጊዜ አያገኝም። የሂንጊስ ጨዋታ የቆመው ደግሞ በማሰቢያ ጊዜ ላይ ነበር፦ አስቀድማ ታነባለች፣ አቅጣጫ ትቀይራለች፣ ማዕዘን ትከፍታለች። ሁለተኛ ሰርቪሷ፣ ማለትም የመጀመሪያው የመክፈቻ ምት ሲሳት የምትደግመው፣ ለስላሳ መሆኑን ዓለም ያውቃል። ማዮሊ እሱ ላይ ወደ ፊት እየገባች መታች፣ ጥልቅ መታች፣ ማዕዘኑ ሳይከፈት ዘጋችው። ይህን ያደረገው ፈረስ ከሆነ ስሙን ንገሩን።

«ከየት መጣች» ለሚሉ ደግሞ፦ ዙሪክና ፊልደርሽታት በ1995፣ ቶኪዮና ኤሰን በ1996፣ ሃኖቨርና ሃምቡርግ በ1997። ስድስት ዋንጫ፣ ሁሉም ከፓሪስ በፊት። የሃምቡርጉ በዚያው በሸክላ ላይ ነው፣ ያውም ፓሪስ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት። በየካቲት 1996 በዓለም አራተኛ ነበረች። ሮላን ጋሮስ ላይ በ1995፣ በ1996፣ በ1997 እና በ1998 በተከታታይ ሩብ ፍጻሜ ደርሳለች፤ ሻምፒዮን ባልሆነችባቸው ዓመታት ያቆሟት ኪሚኮ ዳቴ፣ ስቴፊ ግራፍና ሊንዚ ዴቨንፖርት ናቸው። ዕድል በየዓመቱ ግንቦት ላይ ያንኑ ቤት የሚያንኳኳ ከሆነ ስሙን ብንቀይርለት ይሻላል።

ከፓሪስ ውጭ በግራንድ ስላም (በአራቱ ታላላቅ ውድድሮች) ግማሽ ፍጻሜ አልደረሰችም። ይሁን፣ ይህን ውሰዱ። «ከዚያ በኋላ ጠፋች» የሚለውን ግን ሳይነኩ ማለፍ አይቻልም፤ የጠፋችው ቀኝ ትከሻዋ ስለጠፋ ነው። የክንድ አጥንትን ከትከሻው ጉድጓድ ጋር የሚይዙት አራት ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው። ሰርቪስ ላይ ትልቁ ሥራቸው ኳሷ ከተመታች በኋላ ይመጣል፤ የተወነጨፈውን ክንድ የሚያቆሙት እነሱ ናቸው። ሲጎዱ ተጫዋቿ ክንዷን ከፍ አድርጋ ለመምታት ትፈራለች፣ ኳሷን ዝቅ ብላ ስለምታገኛት መረብ ይይዛታል። ላለመሳት ታለሰልሳታለች፤ የለሰለሰች ሰርቪስ አጭር ትወድቃለች፣ ተጋጣሚ ወደ ፊት ይገባባታል። ማዮሊ ሂንጊስን ያደረገቻትን፣ ሌሎች በተራቸው ማዮሊን አደረጓት። በቀዶ ሕክምና ውስጥ አልፋ፣ በዓለም 58ኛ ሆና፣ በሚያዝያ 2002 በአሜሪካዋ ቻርልስተን አረንጓዴ ሸክላ ላይ ፓቲ ሽናይደርን 7 ለ 6፣ 6 ለ 4 አሸንፋ ስምንተኛ ዋንጫዋን አነሣች። ካለፈው ዋንጫ ወዲህ አምስት ዓመት ሊሞላ ነበር። በ2004 በ26 ዓመቷ አቆመች። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ አምስት ዓመት ወድቆ የተነሣውንስ?

የግድ ዕድል ካልተገኘ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ካሉ እኔው ልጠቁማቸው። ጥር 1996፣ የአውስትራሊያዋ ፐርዝ፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት አገራቸውን የሚወክሉበት የሆፕማን ዋንጫ ፍጻሜ፣ ክሮኤሺያ ከስዊዘርላንድ። በድብልቅ ጥንዱ ጨዋታ ማዮሊና ጎራን ኢቫኒሴቪች በአንድ ወገን፣ ሂንጊስና ማርክ ሮሴ በሌላው። ሦስተኛው ዙር 5 ለ 5 ላይ ሲደርስ ሮሴ ተናዶ በሜዳው ዳር ያለውን ሰሌዳ በቡጢ መታ፣ እጁን ሰበረ፣ ጨዋታው ቆመ፣ ዋንጫው ለክሮኤሺያ ተሰጠ። ይሄ ዕድል ነው። የሬዲዮኑ ዝርዝር ውስጥ ግን አልነበረም።