ቀይ ክር የታሰረበት ሲኒ

ጎረቤቶቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ተናድጄ ነው። ንዴቴም አልበረደም።

መስከረም 2018 ዓ.ም. አንዳችን ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። ቴሌቪዥኑ ኑክሌር ማመንጫ ለመገንባት ከሩሲያ ጋር ስለተፈረመው ስምምነት ያወራል። "እሰይ! እኛም ልንገባበት ነው" አላችሁ። ያጨበጨበም ነበር።

ጭብጨባው ሳያልቅ እትዬ ገቡ። የጡት ካንሰር ታመው የጨረር ሕክምና ከጨረሱ ሳምንት አልሞላቸውም። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ሰፍቷል።

ቡናው ተቀዳ። የሁላችንም ሲኒ ከረከቦቱ ሲነሳ የእሳቸው ከጓዳ መጣ። ጆሮው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል፤ ከሌላው እንዳይቀላቀል። አንዷ ልጇን ከአጠገባቸው ስባ "ጨረሩ ይጋባል" አለች። ድምፅዋን እንኳ ዝቅ አላደረገችም። እትዬ ክሩን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ቡናውን ጠጡ። ሁለተኛውንም በረካውንም ሳይጠብቁ "ቤታችሁን ይባርክ" ብለው ወጡ።

መረቁን እኮ!

እሳቸው የታከሙበት ጨረር ከማሽን የሚወጣ ነው። ልክ እንደ መብራት፣ ሲያጠፉት ያበቃል። ሰውዬው ላይ ተጣብቆ ቤት አይገባም። ወደ ሰውነት የሚገባ የጨረር መድኃኒት የራሱ ጥንቃቄ አለው፤ ያንን ሐኪሙ ይናገራል።

ኑክሌር ለእናንተ ወይ ኩራት ነው ወይ መርዝ። አገራችን የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው በ1950 ዓ.ም. ነው። እዚሁ ቃሊቲ ወንድ የቆላ ዝንቦች ዘራቸው እንዳይራባ በጨረር እየመከኑ ወደ ደቡብ ተለቀዋል፤ የገበሬው በሬ ዝንቡ በሚያስተላልፈው የገንዲ በሽታ እንዳያልቅ። ነገ ትልቅ የኑክሌር ምርምር ተቋም ቢቆም ልጆቻችሁ ናቸው የሚሠሩበት። ማታ ከሥራ ሲገቡ ሲኒያቸው ላይ ክር ልታስሩ ነው?

እኔስ? የፊዚክስ መምህር ነኝ። ጨረር አመንጪው ኮባልት 60 በ5.27 ዓመት በግማሽ እንደሚቀንስ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ያን ቀን ግን የቤቱን ባለቤት ላለማስቀየም አፌን ለጎምኩ። ክሩን ያሰረችው ስለማታውቅ ነው። እኔ እያወቅኩ ዝም አልኩ። እትዬ ሲወጡ ዓይናቸው ዓይኔ ላይ አርፎ ነበር፤ እስካሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።

የፊታችን እሑድ ቡናው እኔ ቤት ነው። ሄጄ ይቅርታ ጠይቄ ጠራኋቸው። "እስቲ፣ እግዜር ካለ" አሉኝ። ይመጡ እንደሆን እንጃ። እናንተ ግን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ቀደም ብላችሁ ኑ። ከጎናቸው ያለውን ቦታ ክፍት እንዳትተዉት።