እጄን ኪሴ የከተትኩ ቀን

ባለፈው ዓመት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር እዚህ ቨርጂኒያ የምንኖርባት ከተማ ምክር ቤት ስብሰባ ሄድኩ። ጓደኛዬ ትንሽ ምግብ ቤት አለው። ደጁ ላይ አራት ጠረጴዛ ለማውጣት ፈቃድ ጠይቋል። እኔ ደግሞ «ጥሩ ሰው ነው፣ ሰፈሩንም አይረብሽም» ብዬ ልመሰክርለት ነው።

ስብሰባው ሲከፈት አንድ ፓስተር ተጠራ። ሁሉም ተነሣ፤ እኛም ተነሣን። ፓስተሩ «በኢየሱስ ስም» ብሎ ሲጨርስ እጄ እንደ ልማዷ ልታማትብ ወጣች። ወዲያው ዓይኔ ፊት ለፊት ከተቀመጡት የምክር ቤት አባላት ጋር ተጋጨ። ይሄ ደግሞ ምን እያደረገ ነው ቢሉስ? እጄን ኪሴ ከተትኩና እንደነሱ አንገቴን ደፋሁ። እውነቱን ልናገር፣ አንገቴን የደፋሁት ለእግዚአብሔር አልነበረም። ለአራቱ ጠረጴዛ ነው።

ነገሩ ስላልወጣልኝ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ግሪስ የምትባል ከተማ አለች። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወርኃዊ ስብሰባዋን በጸሎት ትከፍታለች። ለዓመታት የጸለዩት ክርስቲያኖች ብቻ ነበሩ። ሁለት ነዋሪዎች፣ አንዷ አይሁዳዊት አንዷ በአምላክ የማታምን፣ ከሰሱ። በ2014 ከተማዋ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ረታች። ኮንግረሱ ራሱ ከ1789 ጀምሮ ቄስ ቀጥሮ ያስጸልይ የለ? ልማዱ የአገሪቱን ያህል አርጅቷል፤ ዳኞቹም በዚሁ ተደገፉ።

ከተሸነፉት ወገን የነበረችው ዳኛ ኤሌና ኬገን ግን አንድ ነገር ጽፋለች። ሕግ አውጪዎች ለራሳቸው ሲጸልዩ አንድ ነገር ነው። ጉዳይ ይዞ የመጣ ተራ ሰው ፊት ሲጸለይ ሌላ። ምሳሌዋ ፈቃድ ልትጠይቅ የመጣች ሙስሊም ሴት ነበረች። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ቢሆንም ሳነበው ኪሴ የገባችው እጄ ትዝ አለችኝ።

እንግሊዞቹማ የባሰባቸው ናቸው። የታችኛው ምክር ቤት አባላት 650፣ መቀመጫው ግን 427 ገደማ ነው። መቀመጫ የሚያዘው በጸሎት ካርድ ነው። በጸሎቱ የተገኘ ሰው ካርዱን አስገብቶ ቦታውን ይይዛል። ትልቅ ክርክር ባለበት ቀን ጸሎተኛው ለምን እንደሚበዛ እናንተው ገምቱ።

እኛ አገርስ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ላይ «መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው» ይላል። እኔ አዲስ አበባ በነበርኩበት ዘመን የቀበሌ ስብሰባ በሃይማኖት ጸሎት አይከፈትም ነበር። የሚከፈተው በ«ህሊና ጸሎት» ነው። ለሰማዕታት አንድ ደቂቃ እንቆማለን። አንድ ቀን ሰዓቴን አየሁ፤ ሃያ ሰከንድ ሳይሞላ ሰብሳቢው «አመሰግናለሁ» አለ። እኔም በነዚያ ሃያ ሰከንዶች የማስበው ስለ ዳቦ ሰልፍ ነበር።

ሃይማኖቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በየቢሮው ግድግዳ ላይ ሥዕለ አድኅኖ ወይም የቁርዓን ጥቅስ አይጠፋም። አንዴ ለካርታ ጉዳይ ሦስት ወር ያመላለሰኝ ሰውዬ ነበር። አንገቱ ላይ ማዕተብ፣ ስልኩ ላይ መዝሙር። ረቡዕና ዓርብ ሻይ እንኳ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይቀምስም። የሚፈልገው «ሻይ» ግን ጾም አያውቅም ነበር። ይሄ ሰው አስመሳይ ነው ብዬ ስንት ዓመት ተናደድኩበት። አሁን ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ምናልባት ጾሙ የእውነት ነበር። ሁለቱንም በአንድ ሆድ ይዞ መኖር የሚችል ሰው እንዳለ ያየሁት በእሱ ነው።

ከልብ ነው የምለው ምርቃት የሰማሁት እድር ላይ ነው። የሰፈራችን እድር ውስጥ ቄስ ገበዙም ሐጂም ነበሩ። ሁለቱም በየተራ ይመርቁ ነበር፤ ሁላችንም ለሁለቱም አሜን እንል ነበር። እዚያ ፈቃድ የሚሰጥም የሚከለክልም የለም። ድንኳን ተካይ ነው ሁሉም።

የጓደኛዬ ጉዳይ ለሚቀጥለው ወር ተቀጠረ። በወሩ ስንሄድ እኔ ኮሪደር ላይ ቀረሁ። ጓደኛዬ ግን «እብድ ነህ እንዴ? አራት ጠረጴዛ ነው!» ብሎኝ ቀድሞ ገባ። በመስታወቱ አየሁት። ከሁሉም አስበልጦ አንገቱን ደፍቷል።